ሞተሩ ሳይሞቅ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የሙሽራ መኪና ደጄ ላይ ቆመች። ቆመች ስል እንግዳ ልታወርድ አይደለም፣ ሞታ ነው። ቡራዩ ውስጥ በጥር ቅዳሜ ጡሩምባ የማይሰማበት መንደር ስለሌለ መጀመሪያ ነገሬም አላልኩት። ጡሩምባው ጸጥ ብሎ በምትኩ ጭቅጭቅ ሲሰማ ግን ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ረጅም ጥቁር የጀርመን መኪና፣ ግንባሯ ላይ አበባ፣ ግራና ቀኟ ነጭ ሪባን። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ትኩር ብሎ ያያል፤ ከማየት ሌላ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ያስታውቃል። ሚዜዎቹ በየስልካቸው ይጮኻሉ። ጠጋ ብዬ «ዛሬ ጠዋት ስታስነሳት ምን ድምፅ ነበራት?» አልኩት። «ትንሽ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ብላ ዝም አለች፣ አባባ። እሱማ ሁሌም አመሏ ነው» አለኝ። ከዚህ በኋላ ማየት አላስፈለገኝም። «አመሏ ሳይሆን ኑዛዜዋ ነበር» አልኩት። አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

ሙሽራዪቱ ቬሎዋን ሰብስባ ወደ አንድ ሚኒባስ ስትዛወር የመኪናዋን በር የያዝኩላት እኔ ነኝ። ከውስጥ የቆዳ ወንበርና የአበባ ሽታ ተቀላቅሎ ወጣ። በሩን ዘግቼ ወደ ቤቴ ስመለስ እግሬ ይራመድ እንጂ እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ። ሱሉልታ፣ ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ እንደዚችው ያለች ጥቁር መኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ ጠጂቱ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው። ብቻውን የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣበት የሚያወራለት ስለሌለው ይጽፋል። እኔም ይኸው።

ያን ጊዜ ጋራዤ ዛሬ ባለ መስተዋቱ ፎቅ ከቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ጋራዥ እላለሁ እንጂ አራት ግንድ ላይ የተጣለ ቆርቆሮ ነው፤ ሲዘንብ ከመኪናው ሥር መተኛት ከላይ ከመቆም ይሻላል። ፊት ለፊቴ የአምቦ መንገድ፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የጠጂቱ ቬሎ ቤት። ማኪያቶ ስምንት ብር ገባ ብለን የምንማረርበት ዘመን ነው፤ ዛሬ በስምንት ብር ስኒውንም አያሳዩህም። ከቡራዩ መርካቶ በአምስት ብር ይኬዳል፤ ረዳቱ መልስ ካስቀረ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይጮህበታል። ጎረምሶቹ እግራቸው ላይ የተሰፋ የሚመስል ጂንስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በጎንና በጎን ላጭተው መሐሉን አቁመው ይንጎራደዳሉ። የሲዲ ቤቱ ሰውዬ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንድ የኦሮምኛ፣ አንድ የአማርኛ የሰርግ ዘፈን እያፈራረቀ ይለቃል፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ከደገመ የሌላኛው ደንበኛ ይቆጣዋል ብሎ ይጠነቀቅ ነበር። አሁን ሲዲ ቤቱም የለ፣ ሰውዬውም የት እንደገባ አላውቅም።

እኔ ሃምሳዎቹን እያገባደድኩ ነበር። ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅም አልሰጠንም። ጠጂቱም ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጇን ድሬዳዋ የዳረች ሴት ናት፤ የቡራዩ ገበሬ ልጅ፣ በሁለቱም ቋንቋ የምትቀልድ፣ በሁለቱም የምትቆጣ። ጠዋት ጠዋት መንገዱን ተሻግሬ ቬሎ ቤቷ በር ላይ እቆማለሁ። «ግባ እንጂ፣ ጋሽ መኮንን» ትለኛለች። «እጄ ግራሶ ነው» እላታለሁ። ያን ሁሉ ነጭ ልብስ በሰቀለ ቤት ውስጥ የመካኒክ ቱታ ለብሶ መግባት ድፍረት ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት ሙሉ ደጃፏ ላይ ቆሜ አወራኋት፤ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ሰው ሰርግ። የተቀደደ ቱታዬን ትጠቅምልኛለች፤ የስፌት መኪናዋ ሲያቃስት እኔ ዘይት አጠጣላታለሁ። አንዳንድ ቀን ቁርሴን ሳልበላ መሻገሬን ታውቅና አምባሻ በወረቀት ጠቅልላ ትሰጠኛለች፤ ወረቀቱን በሁለት ጣቴ ጫፍ ይዤ እመለሳለሁ።

ከዚያ ያ ሰሞን መጣ። የከተማው ካርታ ወደኛ ሊሰፋ ነው ተባለ፤ ገበሬው መሬቴን አለ፣ ተማሪው አይሆንም አለ፤ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን በድንጋይ ይዘጋ ጀመር። ዓመተ ምሕረቱንና ማን ምን እንዳለ የሚያውቁት ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው ጠጂቱ መስኮቷ ላይ የነበሩትን ራስ የሌላቸው አሻንጉሊቶች ቬሏቸውን እንደለበሱ እያቀፈች ወደ ጓዳ ስታስገባ ነው፤ ድንጋይ ቢወረወር ብላ። ሰርግ ጠፋ። ቀን የቆረጠ ሁሉ ቀኑን ገፋ፤ ጎረቤት ሐዘን ተቀምጦ ማን ይዘፍናል? ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ሙሽራ ስታለብስ የኖረች ሴት የተኮሰችውን ቬሎ መልሳ እየተኮሰች ትውል ጀመር። እኔም መኪና አይመጣልኝም፤ በተዘጋ መንገድ ማን ይበላሻል? ሁለታችንም መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘን ባዶውን አስፋልት እያየን እንውላለን።

ልጇ ከድሬዳዋ ትደውላለች። «እማዬ፣ ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ነይና ልጄን አሳድጊልኝ» ትላታለች። ጠጂቱ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ይጠቁራል። «የልጅ ቤት እንግድነት ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ሕፃኑን ማቀፍ እወዳለሁ። ግን እዚያ ሄጄ የኔ የምለው ጥግ የለኝም። ሻይ እንኳ ሲያምረኝ አስፈቅጄ ነው የማፈላው።» ከዚያ ሐሳቧን ዘረገፈችልኝ። ሰርግ ጠፋ ማለት ለዘላለም ጠፋ ማለት አይደለም፤ ነገሩ የረጋ ቀን ሁሉም ባንዴ ያገባል። ቬሎና የሙሽራ መኪና አንድ ላይ የሚያከራይ ደግሞ በዚህ ዙሪያ የለም። አሁን ሰው ፈርቶ ዕቃውን በሚሸጥበት ሰዓት አንድ የቅንጦት መኪና በቅናሽ ብታገኝ፣ ከአባቷ መሬት ካሳ የደረሳትን ነክታው አታውቅም፣ እሱን ታወጣለች። ያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ባጃጅም አይገዛም። «መኪናው ከተገኘ እቀራለሁ» አለችኝ። «ካልተገኘ ግን ለልጄ እሺ እላታለሁ። መኪና ደግሞ የምታውቀው አንተ ነህ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን መኪና የምፈልገው ለእሷ አልነበረም፣ ለራሴ ነበር።

«ታዲያ ለምን ሽማግሌ አትልክም ነበር?» የሚለኝ ይኖራል። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ግን እስቲ ተመልከቱት። ሳትገዛ ብልክ፣ ሴትዮዋ ሲጨንቃት ጠብቆ ገባ ይሉኛል። ገዝታ ብልክ ደግሞ መኪናዋን ነው ያገባው ይሉኛል። የኛ ሰፈር አንዴ ስም ካወጣልህ ቀብርህ ላይም በዚያው ነው የሚጠራህ። እና መኪናው ይገዛ፣ ትንሽ ይቆይ፣ ሰዉም ይርሳው፣ ከዚያ በኋላ እያልኩ ነገሩን ቀን እሰጠው ነበር። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ማንም ምንም ሳይልህ አንተው ብለህ፣ አንተው ሰምተህ፣ አንተው ታፍራለህ።

መጀመሪያ ያየነው መኪና ሰበታ ነበር። እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልናገር። ሰው የቅንጦት መኪና ሲገዛ የሚያየው ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ የመስኮቱን ቁልፍ ነው። እኔ የማዳምጠው የማይታየውን ነው። ከሞተሩ ፊት፣ በክዳን የተሸፈነ፣ ከታች የሚሽከረከረውንና ከላይ የሚከፍት የሚዘጋውን በአንድ ምት የሚያስኬድ ሰንሰለት አለ፤ እኛ ካቴና እንለዋለን። ሲያረጅ ይላላል፣ ሲላላ ምቱ ይዛባል፣ አንድ ቀን ሲዘል ወይ ሲበጠስ ከላይና ከታች ያለው ይላተምና ሞተሩ ያበቃለታል። ሕመሙ የሚሰማው ደግሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪደርስ ባለችው አፍታ ብቻ ነው። ከሞቀ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ዝም ይላል። ስለዚህ ሻጭ ቤት ስደርስ ከሰላምታ በፊት ኮፈኑን በእጄ ጀርባ እነካለሁ። ባለጌ ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

የሰበታው ደላላ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ እቺ መኪና ወርቅ ናት» ይለኛል፤ ኮፈኑ እጅ ያቃጥላል። «ለምን ሞቀ?» አልኩት። «ከሩቅ መጥቶ ነው።» «ከየት?» «ከዚሁ።» ጠጂቱ ሳቋን መያዝ አቅቷት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ወደ ቡራዩ እስክንመለስ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ «ከየት? ከዚሁ» እያለች ሳቀች። ሰዉ ዞር ዞር ብሎ ያየናል፤ ባልና ሚስት መስለነው ይሆናል ብዬ አሰብኩና ደስ አለኝ። ደስ ያለኝን ያህል ደግሞ ወዲያው ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ።

የሱሉልታው ወሬ የመጣው ቬሎ ከተከራየቻት አንዲት ሙሽራ ነው። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሽቅብ። ሱሉልታ ያን ጊዜ ወተት ነበረች፤ ሚኒባሱ ውስጥ ባዶ የወተት ቆርቆሮ እግራችን ሥር ይንኳኳል፣ በመንገዱ ዳር ሴቶች ጎናቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይቆማሉ። ዛሬ አጥርና ሆቴል በዝቶባታል፤ ብርዱ ግን ያው ነው። ደህናውን ኮቴን ለብሼ፣ እጄን በላምባ አሽቼ በሳሙና ታጥቤ ነበር የሄድኩት። ኦቦ ደበላ ከነባለቤታቸው ከአዴ ወርቄ ጋር በር ላይ ጠበቁን። «አካም ጅርቱ? ደህና ናችሁ? ኑ ግቡ» አሉን። መኪናዋ በአንሶላ ተሸፍና በረቱ ጎን ቆማለች፤ ዶሮዎች ሥሯ ያንጎላጃሉ። አንሶላውን ሲገልጡት ጠጂቱ ዙሪያዋን ዞራ አየቻት። ጥቁር፣ ጭረት የሌላት፣ ወንበሯ ቡናማ ቆዳ። እኔ ኮፈኑን ነካሁ። ሙቅ ነው።

«መንገድ አድክሟችሁ እንዳትጉላሉ ብዬ አስነስቼ አሙቄ ጠበቅኋችሁ» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። የሰበታው ደላላ ሊደብቅ ነበር ያሞቃት፤ እኚህ ግን እንግዳ ሊቀበሉ ነው ያሞቋት። መኪናዋ የልጃቸው ነበረች። ልጁ ነግዶ ገዝቷት፣ ሊብሬውን በአባቱ ስም አድርጎ፣ በዚያ ሰሞን ብዙ ወጣት እንደተያዘው እሱም ተያዘ፤ የት እንዳለ አልታወቀም። ኦቦ ደበላ እሱን ፍለጋ በየከተማው የሚዞሩበት ገንዘብ ስላለቀባቸው ሊሸጧት ተነሡ። እስከዚያው ግን በየጠዋቱ ይቀመጡባትና ያስነሷታል። «እሱ ሲወጣ በዚህች ድምፅ ነበር የምነቃው» አሉን። «አሁን እኔ ራሴ አስነስቼ እሰማታለሁ።» መንዳት እንኳ አይችሉም ነበር።

ቀዝቅዛ ካልተነሳች የምለው ነገር እንደሌለኝ አስረዳኋቸው። እስክትበርድ ልንጠብቅ ተስማማን። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ የሚል ወሬ መጣ፤ ታክሲ ቆሟል፣ ሰልፍ አለ፣ ስልክም አይሠራም። አዴ ወርቄ «ማደር ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን አለ» ብለው ሳይጨነቁ ጠጂቱን ከእርሳቸው፣ እኔን ከኦቦ ደበላ ጋር ደለደሉን። መኪናዋም አድራ በደንብ ትቀዝቅዝ፤ ጠዋት ይሁን አልን። ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ጥግ ጥጉን ደግሞ አንድ ደስታ ነበር። ከጠጂቱ ጋር አንድ ግቢ አድሬ አላውቅም።

ዝናቡ የመጣው ያኔ ነው። ጠጂቱ ሮጣ መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ ከኋላ ወንበር። እኔ በረቱ ጣሪያ ሥር ቆሜ ቀረሁ። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ና ግባ እንጂ!» አለችኝ። «እጄ…» ስል «ዛሬ እንኳ ንጹሕ ነው፤ አይቼዋለሁ» አለችኝ። ገባሁ። ቆዳው ይሸታል፤ የእሷ ልብስ ደግሞ የቬሎ ቤቷን፣ የካውያና የሳሙና ሽታ ይዟል። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይንኳኳል፣ መስተዋቱ ጭጋግ ይዞ ውጪው አይታይም። «እንዲህ ነው ሙሽሮቹ የሚያዩት ለካ» አለች። «ምንም አያዩም እኮ።» ሳቅን። «ጋሽ መኮንን፣ ነገ ደህና ናት ካልከኝ ደስ ይልሃል?» አለችኝ። «በጣም» አልኩ። «ለምን?» አለችኝ። «ሥራ ታገኚያለሽ» አልኩ። ወደ መስተዋቱ ዞራ በጣቷ ጭጋጉ ላይ መስመር አሰመረች። አዴ ወርቄ ከቤት ወጥተው ማዕዱ ቀርቧል ብለው ተጣሩ።

በማግሥቱ የግቢው ሣር ነጭ ውርጭ ለብሶ ነበር። ኮፈኑ በረዶ ነው፤ ለመካኒክ ከዚህ የተሻለ ጠዋት የለም። ሁሉም ወጥተው ቆሙ። የዘይት ክዳኑን ከፍቼ በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ አየሁ፤ ካቴናው ከሚገባው በላይ ላልቷል፣ በእንጨት ጫን ሳደርገው ይወርዳል። አሁንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ጆሮዬ ይፈርዳል አልኩ። «ያስነሷት፣ ኦቦ ደበላ» አልኳቸው። ቁልፉን አዞሩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ብረት ብረትን ሲነክስ፤ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ያ የቅንጦት ሞተር ለስላሳ ድምፅ። ሽማግሌው ከመሪው ጀርባ ሆነው ፊታቸው በራ። «ሰማህ? ልጄም ሲያስነሳት እንዲሁ ነበር የምትለው። ድምጿ ነው» አሉኝ።

ቀና ስል ጠጂቱ መኪናዋን ሳይሆን ፊቴን ታያለች። ደህና ናት ብዬ ቢሆን ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ። ዓመት ትሄድ ነበር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ልለውጠው ብልም ዕቃው ከውጭ ካልመጣ አይገኝም፤ በዚያ ሰሞን መንገዱም ዶላሩም ዝግ ነበር። የአባቷን መሬት ዋጋ እዚህ ሞተር ላይ አስቀምጣ፣ ሙሽራ ጭና፣ አንድ ቀን አስፋልት መሐል ስትቆም ታየኝ። ከእኔ ጋር ለመቅረት ያን ያህል መክፈል የለባትም። «ካቴናው አልቋል» አልኩ። «አትግዢያት።» ጠጂቱ ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም፣ አልጠየቀችም።

ኦቦ ደበላ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። «አልቋል ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ለእርሳቸው መንገሩ ከሁሉም ከበደኝ። «የሚሰሙት ድምፅ ሕመሟ ነው። በየጠዋቱ ባስነሷት ቁጥር እየባሰባት ነው የሚሄደው» አልኳቸው። ዶሮዎቹን እያዩ ቆዩ። «ካላስነሳኋትስ?» «እንዳለች ትቆያለች።» ቁልፉን ነቀሉት፣ አገላብጠው አዩት፣ የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «እንግዲያው ልጁ ሲመጣ ራሱ ያስነሳታል» አሉና አንሶላውን ከአዴ ወርቄ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘው መልሰው አለበሷት። ከዚያ እኔን አቅፈው «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ፣ አልዋሸኸኝም» አሉኝ። እኔ ግን ሌባ ሆኜ የወጣሁ ያህል ተሰማኝ።

መንገዱ ሲከፈት ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በሚኒባስ ተመለስን። አዲሱ ገበያ ሱቆቹ ገና ግማሽ ገርበብ ብለው ነበር። ጠጂቱ እንደ ሰበታው ቀን አልሳቀችም፤ ድካም ነው አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ለልጇ እሺ አለቻት። ቬሎዎቹን ለአንዲት የሰበታ ነጋዴ ሸጠች፤ ጥቂቶቹን ብቻ ለራሷ አስቀረች። የሰፈሩ ሴቶች ገንዘብ አዋጡ፣ ሽኝት ደገሱ፤ ሽማግሌ መረቃት፣ ሁሉም አለቀሰ፣ እኔም ጥግ ይዤ በላሁ። ሰርግ የጠፋበት ሰሞን ስለነበር ያ ሽኝት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው ጥሩ ልብስ የለበሰበት ቀን ነበር።

የሄደችበት ጠዋት በኮንትራት የተያዘው ሚኒባስ በሯ ላይ ቆመ። እኔ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ዕቃዋን ጫንኩ፤ ሁለት ሻንጣ፣ የስፌት መኪናዋን፣ በላስቲክ የተጠቀለሉትን ቬሎዎች። ገመዱን ግራና ቀኝ አሳልፌ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ወረድኩ። ሴቶቹ በነጠላቸው እንባቸውን እየጠረጉ በሩ ላይ ቆመዋል። ጠጂቱ ተሰናብታቸው ወደ እኔ መጣች።

«ያን ቀን ደህና ናት ብትለኝ እኮ እቀር ነበር» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አውቃለሁ።»

«ስለ መኪናዋ እውነቱን ነገርከኝ። ሌላ የምትነግረኝ የለህም?»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ያን ጊዜ ነው አፌ የተፈታው። «እንዳትሄጂ ነው የምፈልገው፣ ጠጂቱ» አልኳት። «ድሮም እሱን ነበር የምፈልገው።»

መጀመሪያ መሬት አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ የሚኒባሱን ጣሪያ። «ምነው ይህን ሱሉልታ፣ መኪናዋ ውስጥ ብትለኝ ኖሮ» አለች። «አሁን ዕቃዬ ተጭኗል። ሰው ሁሉ መርቆ ሸኝቶኛል። ምን እላቸዋለሁ?»

እኔም ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። የተደገሰላት፣ የተዋጣላት፣ የተለቀሰላት ሴት ሻንጣዬን አውርዱልኝ ብላ በየት በኩል ትመለሳለች? እኔስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በምን አፌ አውርዱ እላለሁ? «አዎ፣ ተጭኗል» አልኳት። ጉንጬን ሳመችኝና ገባች። ሚኒባሱ ወደ አስኮ ወረደ፤ ሴቶቹ እጃቸውን እያውለበለቡ ቆዩና ወደየቤታቸው ገቡ።

አሁንም ድሬዳዋ ናት። በበዓል ትደውላለች፤ እሷ ስለ ሙቀቱ፣ እኔ ስለ ብርዱ እናወራለን። ያሳደገችው ልጅ ድምፁ ጎርንኖ አንዳንዴ ስልኩን እሱ ያነሳል። እኔ ጋራዡን ከዘጋሁ ቆይቻለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ ካልከፈትኩ የሰው ድምፅ አልሰማም። ብቸኝነት ለመድኩት እላለሁ ለሰው፣ ውሸቴን ነው። ሲመሽም ሆነ ሲነጋ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። ዕቃዋ ያን ያህል ብዙ አልነበረም። ገመዱንም ያሰርኩት እኔው ነኝ፤ ወጥቶ መፍታት ለእኔ አፍታም አይፈጅም ነበር።